ፑርጋቶሪ፤ ካቶሊኮች ስለ ሙታን ነፍስ ምን ያምናሉ?

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት ወይም በቦንጋ ልቅሶ የደረሰ ሰው በአንድ ድንኳን ሥር ሙስሊሙን፣ ኦርቶዶክሱን፣ ፕሮቴስታንቱንና ካቶሊኩን ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢያገኝ አይደነቅም። የሚቀርበው ንፍሮም ቡናም አንድ ነው። ልዩነቱ ብቅ የሚለው ከቀብር መልስ፣ "ከእንግዲህ ለሟች ምን ይደረግለታል?" የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ነው። ኦርቶዶክሱ ሦስተኛውን፣ ሰባተኛውን፣ ዐሥራ ሁለተኛውን፣ ሠላሳውን፣ አርባውንና ሰማንያውን ቀን ይቆጥራል። ሙስሊሙ ዱዓና ሰደቃ ያስባል። ፕሮቴስታንቱ ሟች ወደ ፈጣሪው ሄዷልና ከእንግዲህ የሚጨመርለት ነገር የለም ይላል። ካቶሊኩ ደግሞ ቅዳሴ ያስቀድሳል፤ ለምን ብሎ ለሚጠይቀውም "ፑርጋቶሪ" የሚል ቃል ያነሣል።

ይህ ቃል በአማርኛ "መንጽሔ" ወይም "የመንጻት ቦታ" እየተባለ ይተረጎማል። ብዙው ሰው ግን የሚያውቀው በወሬ ነው። ይህም አያስገርምም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በጅማ ዞን ደግሞ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ነዋሪ ሙስሊም ነው። ስለዚህ "ካቶሊኮች ሲኦል የገባን ሰው በገንዘብ ያስወጣሉ"፣ "ከሞት በኋላ ሁለተኛ ዕድል አለ ይላሉ" የሚሉ አባባሎች ሳይመረመሩ ይኖራሉ። ጉዳዩ የነገረ መለኮት ተማሪዎች ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላስጨነቀ። ነገር ግን አባቷ ሙስሊም፣ ባሏ ኦርቶዶክስ፣ ራሷ ካቶሊክ የሆነች ሴት አባቷ ሲሞት ምን ማድረግ ትችላለች? ገንዘብ የሌለውስ? እነዚህ መልስ የሚፈልጉ ጥያቄዎች ናቸው።

በመጀመሪያ ትምህርቱ ወደዚህ አካባቢ እንዴት እንደደረሰ በአጭሩ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1846 ሮም በኦሮሞ ምድር ለሚከፈተው ሐዋርያዊ ቪካሪያት ጣሊያናዊውን የካፑቺን መነኩሴ ጉልየልሞ ማሳያን ጳጳስ አድርጋ ሾመች። የአገሩ ሰው "አቡነ መስያስ" የሚላቸው ማሳያ ከብዙ መንከራተት በኋላ በ1852 ጉድሩ ደረሱ፤ ከዚያም በጊቤ መንግሥታት በኩል ወደ ደቡብ ዘልቀው ከ1859 እስከ 1861 በካፋ ቆዩና ከዚያ ተባረሩ። ለፈንጣጣ ክትባት ይሰጡ ስለነበር ከስብከታቸው ይልቅ በዚህ የሚያስታውሳቸው ሰው ብዙ ነበር፤ "የፈንጣጣ አባት" የሚል ስምም ወጥቶላቸዋል። ባልደረባቸው ሊዮን ዴዛቫንሼ ግን ከዚሁ ምድር ሳይወጡ እ.ኤ.አ. በ1879 ከአጋሮ ብዙም በማትርቀው በጌራ አርፈዋል። ማሳያም በዚያው ዓመት በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከአገር ወጥተው በኢትዮጵያ ያሳለፉትን 35 ዓመት በ12 ቅጾች ጽፈዋል።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1913 የካፋ አፖስቶሊክ ፕሪፌክቸር ተቋቁሞ ለጣሊያን የኮንሶላታ ሚሲዮናውያን ተሰጠ። የዛሬው የጅማ ቦንጋ ሀገረ ስብከት በ1994 በፕሪፌክቸርነት ተመሥርቶ በ2009 ወደ ቪካሪያትነት አድጓል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በአዲስ አበባ ያለው የካቶሊክ ሊቀ ጳጳሳዊ መንበር የግእዝ ሥርዓት የሚከተል ሲሆን የጅማ ቦንጋው ቪካሪያት በላቲን ሥርዓት ሕግ የሚተዳደር ነው። ስለ ሙታን ግን የሁለቱም እምነት አንድ ነው።

እምነቱ ምን ይላል? የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣችው ትምህርተ ክርስቶስ ወይም ካቴኪዝም መሠረት ሰው በሞተ ቅጽበት ነፍሱ በግል ፍርድ ፊት ትቆማለች። ፍርዱ ሦስት መልክ ይኖረዋል። ፍጹም ንጹሕ የሆነው በቀጥታ ወደ እግዚአብሔር ፊት ይገባል። እግዚአብሔርን አውቆና ፈቅዶ እስከ መጨረሻው የካደ ለዘላለም ይለያል። ሦስተኛው በጸጋ የሞተ፣ ድኅነቱ የተረጋገጠለት፣ ነገር ግን ገና ያልጠራ ሰው ነው። ይህ ሰው መንግሥተ ሰማያት ከመግባቱ በፊት ይነጻል። ፑርጋቶሪ የሚባለው ይህ መንጻት ነው። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ሙታን ሁሉ ይነሣሉ፤ አጠቃላይ ፍርድ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ፑርጋቶሪ የሚባል ነገር አይኖርም።

እንግዲህ የመጀመሪያው የወሬ ስሕተት እዚህ ላይ ይታረማል። ወደ ፑርጋቶሪ የሚገባ ነፍስ ድኗል። ለመዳን ወይም ላለመዳን የሚፈተንበት ሁለተኛ ዕድል አይደለም፤ ከሲኦል መውጫ በርም አይደለም። በካቶሊክ ትምህርት ከሲኦል የሚያወጣ ቅዳሴ የለም፤ የሮም ሊቃነ ጳጳሳትም ይህን አደርጋለሁ ብለው አያውቁም። በቡና አገር ለሚኖር ሰው ነገሩን ማስረዳት ቀላል ይመስለኛል። ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የሚሄደው ተለቅሞ የቀላ እሸት ቡና ነው። ይፈለፈላል፣ ይቀመጣል፣ ሙጫው እስኪለቅ ይታጠባል። ማጠቢያው ጥሬውን ቡና ቀይ አያደርገውም፤ ጥሩነቱ የተወሰነው ዛፉ ላይ ነው። ምሳሌ ነውና እዚህ ላይ ይብቃው፤ ቡና አይጸጸትም፣ የሚነጻ ነፍስ ግን ይጸጸታል ተብሎ ይታመናል።

ለምን መንጻት አስፈለገ? ኃጢአቱ ከተሰረየ ምን ቀረ? የካቶሊክ መምህራን በዚህ ላይ ጥፋትንና የጥፋትን ጠባሳ ይለያሉ። ሰው ባልንጀራውን ቢሰርቅና ቢጸጸት ይቅር ይባላል፤ ግን የተሰረቀው ዕቃ አልተመለሰም፣ የመስረቅ ልማዱም ገና ከልቡ አልተነቀለም። ይህ ጉድለት በዚህ ዓለም በንስሐ፣ በምጽዋትና በመከራ ካልተሞላ ከሞት በኋላ ይሞላል ይላሉ።

እሳትስ? በሥዕልና በስብከት የተሳለው ፑርጋቶሪ እሳት የበዛበት ነው። የጣሊያኑ ባለቅኔ ዳንቴ ደግሞ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ተራራ አድርጎ ገጥሞታል። ፈረንሳዊው የታሪክ ሊቅ ዣክ ለጎፍ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ ፑርጋቶሪ በስሙ እንደ አንድ "ስፍራ" መጠራት የጀመረው በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንደሆነ አስረድቷል፤ ለሙታን መጸለዩ ግን ከዚያ እጅግ የቀደመ ነው። የእምነቱ ድንጋጌ ራሱ ከሥዕሉ ይልቅ ቁጥብ ነው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ነሐሴ 1999 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ንግግር ፑርጋቶሪ ቦታ ሳይሆን የነፍስ ሁኔታ መሆኑን አስተምረዋል። ተከታያቸው በነዲክቶስ 16ኛ ደግሞ ኅዳር 2000 ዓ.ም. ስለ ተስፋ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት የሚያቃጥለውና የሚያድነው እሳት ራሱ ክርስቶስ ነው የሚሉ የዘመኑ ሊቃውንትን ሐሳብ ተቀብለው አብራርተዋል፤ የዚያን ቃጠሎ ርዝመት በዚህ ዓለም ሰዓትና ቀን መለካት እንደማይቻልም ጽፈዋል።

አሁን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ እንምጣ፤ ለእኛ አገር አንባቢ ነገሩ ደስ የሚያሰኝ ውስብስብነት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነውና። ካቶሊኮች በቅድሚያ የሚጠቅሱት ሁለተኛ መጽሐፈ መቃብያን ምዕራፍ 12ን ነው። ይሁዳ መቃብዮስ ከጦርነት በኋላ የወደቁትን ወታደሮቹን ሊቀብር ሲሄድ ከልብሳቸው ሥር የጣዖት ክታብ ተገኘ። እርሱም ገንዘብ አሰባስቦ ለኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። ሙታን ይነሣሉ ብሎ ባያምን ኖሮ ለእነርሱ መጸለዩ ከንቱ በሆነ ነበር የሚል ትርጓሜም መጽሐፉ ያክልበታል። ካቶሊኩ ይህን ጠቅሶ ሲከራከር ኦርቶዶክሱ 81ዱን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ መቃብያንን ይፈልጋል፤ ታሪኩን ግን አያገኘውም። ምክንያቱም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቀኖና ውስጥ ያሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን በስም ካልሆነ በቀር ከግሪኩ መቃብያን ጋር አንድ አይደሉም። ባለታሪኮቹም ታሪካቸውም ሌላ ነው። ሁለት ወዳጆች አንድ የመጽሐፍ ስም ጠርተው ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት እያነበቡ ሲሟገቱ ማየት በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ፕሮቴስታንቱ ደግሞ ሁለቱንም አይቀበልም።

ሌላው ጥቅስ ሁሉም የሚጋሩት ነው፤ 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 3። ሐዋርያው ጳውሎስ እያንዳንዱ ሰው በመሠረቱ ላይ የሠራው ሥራ በእሳት እንደሚፈተን፣ ሥራው የተቃጠለበትም ቢሆን እርሱ ራሱ በእሳት ውስጥ እንደሚያልፍ ሰው ሆኖ እንደሚድን ይናገራል። ካቶሊኩ እዚህ ላይ ፑርጋቶሪን ያያል። ሌላው ስለ መጨረሻው ቀንና ስለ ሰባኪዎች ሥራ የተነገረ ነው ይላል። ጥቅሱ ብቻውን ክርክሩን ይጨርሳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ድንጋጌው የወጣው በጉባኤዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1274 በሊዮን፣ በ1439 በፍሎረንስ፣ በ1563 ደግሞ በትሬንት። የፍሎረንሱ ጉባኤ ግሪኮችን ከሮም ጋር ለማስታረቅ የተጠራ ነበር። ግሪኮች ለሙታን መጸለይን አልተቃወሙም፤ የተቃወሙት እሳቱን ነው። በዚህ የተነሣ የወጣው ቃል "እሳት" የሚለውን ትቶ "የሚያነጻ ቅጣት" በማለት ብቻ ተወሰነ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም ወደዚሁ ጉባኤ ደርሰዋል። ዘመኑ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው፤ መነኮሳቱን የላኩት ግን የኢየሩሳሌሙ አበ ምኔት ኒቆዲሞስ ናቸው እንጂ ንጉሡ አይደሉም፤ በአገር ቤትም ያስከተለው ለውጥ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በኋላ አፄ ገላውዴዎስ ለኢየሱሳውያን በጻፉት የእምነት መግለጫ የተሟገቱት ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረትና ስለ እሪያ ሥጋ ነው፤ ፑርጋቶሪ በዚያ ውስጥ የለም። ከዚህ የምንረዳው ኢትዮጵያውያንንና ሮምን ያጣላቸው ዋናው ጉዳይ የሙታን ነገር እንዳልነበረ ነው።

ይሁንና የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፑርጋቶሪን አትቀበልም። በእርሷ ትምህርት የጻድቃን ነፍስ በገነት፣ የኃጥአን በሲኦል ሆና የመጨረሻውን ፍርድ ትጠብቃለች፤ ሦስተኛ ስፍራ የለም። በላዔ ሰብ የሚባለውን በተአምረ ማርያም የሚነገረውን ታሪክ የማያውቅ ኦርቶዶክሳዊ የለም። ሰው ይበላ የነበረው ሰው በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ተመዝኖ ዳነ። ሚዛኑ ወይ ወዲህ ወይ ወዲያ ነው፤ መሐል ላይ የሚቆይበት ቦታ የለም። በሌላ በኩል ግን ይህችው ቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ፍትሐት ታደርሳለች፣ ተዝካር ይወጣል፣ ቅዳሴ ይቀደሳል። ለማን ይጠቅማል ተብለው ሲጠየቁ ብዙ መምህራን ንስሐ ገብተው ቀኖናቸውን ሳይጨርሱ ለሞቱት ነው ይላሉ። ይህ መልስ ፍሎረንስ ላይ ከተደነገገው ቃል ጋር ያለውን ቅርበት አንባቢ ራሱ ያስተውል። ቃላቱም ይናገራሉ፤ ፍትሐት "መፍታት" ነው፣ ፑርጋቶሪ ከላቲኑ "ማንጻት" የመጣ ነው። አንዱ ነፍስን እንደታሰረ፣ ሌላው እንዳደፈ ያያታል።

በሙስሊሙ ዘንድ ከሞት እስከ ትንሣኤ ያለው ጊዜ በርዘኽ ይባላል። በርዘኽ የመጠበቂያ እርከን ነው እንጂ እንደ ፑርጋቶሪ የማንጻት ትምህርት የለውም። ሆኖም የሕያዋን ዱዓ፣ በሟች ስም የሚሰጥ ምጽዋትና ሟቹ ትቶት የሄደ ዘላቂ በጎ ሥራ ይጠቅመዋል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ በጅማ ድንኳን ከተቀመጡት መካከል ለሟች የሚደረግ ነገር የለም የሚለው ፕሮቴስታንቱ ብቻ ነው። እርሱም ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ገንዘብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1517 ማርቲን ሉተር ያስነሣው ክርክር ከኢንደልጀንስ፣ ማለትም ከቅጣት ምሕረት ሽያጭ የተነሣ ነበር። በሮም የቅዱስ ጴጥሮስን ባሲሊካ ለመሥራት ገንዘብ የሰጠ ሰው የሞቱ ዘመዶቹን ከፑርጋቶሪ ያስወጣል እየተባለ በጀርመን ይሰበክ ነበር። ይህ ወቀሳ የጠላት ወሬ አይደለም፤ ተፈጽሟል። የትሬንት ጉባኤ ራሱ ስለ ፑርጋቶሪ ሲደነግግ ጳጳሳት ከንቱ ጉጉትን፣ አጉል እምነትንና አሳፋሪ ጥቅምን ከስብከታቸው እንዲያስወግዱ አዟል። በ1567 ደግሞ ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 5ኛ ክፍያ ያለባቸውን የኢንደልጀንስ ፈቃዶች ሰርዘዋል። ኢንደልጀንሱ ግን አልቀረም። ጳውሎስ 6ኛ በ1967 የቀንና የዓመት ስሌቱን አስቀርተው ሥርዓቱን አሻሽለውታል። ዛሬ ከኖቬምበር 1 እስከ 8 መካነ መቃብር ሄዶ ለሙታን የጸለየ ካቶሊክ፣ ንስሐ ከገባና ከቆረበ፣ ለሞቱት ብቻ የሚሆን ሙሉ የቅጣት ምሕረት ያገኛል ይባላል። በኮቪድ ምክንያት በ2020 ይህ ጊዜ ለወሩ ሙሉ ተራዝሞ ነበር። የሚከፈል ነገር የለበትም።

ቅዳሴ ለማስቀደስ ለካህኑ የሚሰጠውስ ገንዘብ? በእርግጥ መባ የመስጠት ልማድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የቀኖና ሕግ ግን ከዚህ ገንዘብ የንግድ ጥላ እንኳ እንዲርቅ በቁጥር 947 ያዛል። በቁጥር 945 ደግሞ ካህናት በተለይ ለድኾች ምንም ሳይቀበሉ እንዲቀድሱ አጥብቆ ይመክራል። ስለዚህ ገንዘብ የለኝም ብሎ የሟቹን ስም ይዞ የሚሄድ ሰው መብቱን እየጠየቀ ነው፤ ማፈር የለበትም። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ተዝካር በአገራችን ስንቱን ቤት ዕዳ ውስጥ እንደከተተ የታወቀ ነው። በቡና አገርም የለቀማው ብር ከመግባቱ በፊት ተበድሮ ድግስ የደገሰ ቤተሰብ ለዓመቱ የሚተርፈው ነገር አይኖርም። ድግሱ የጎረቤትን ዓይን እንጂ የሟችን ነፍስ የሚመለከት እንዳልሆነ ብዙ ኦርቶዶክሳውያን ሊቃውንትም ተናግረዋል። ካቶሊኩም ጎረቤቱን አይቶ የሚደግስበት ጊዜ አለ፤ ሕጉ አያስገድደውም እንጂ።

አሁን ከላይ ወዳነሣናት ሴት እንመለስ። አባቷ ሙስሊም ሆነው ነው የሞቱት። ቅዳሴ ልታስቀድስላቸው ትችላለች? የቀኖናው ሕግ ቁጥር 901 አጭር ነው፤ ካህን ቅዳሴውን ለማንም፣ ለሕያውም ለሙትም ማሳረግ ይችላል። የተጠመቀ፣ ያልተጠመቀ ብሎ አይለይም። እርግጥ ነው፤ የአባቷ ቀብር በእስልምና ሥርዓት ይፈጸማል፤ እርሷም ይህን ለመለወጥ መብት የላትም። ነገር ግን ለአባቷ ነፍስ መጸለይን የሚከለክላት የለም። ኦርቶዶክስ ባሏ ቢሞት ደግሞ፣ የራሱ ካህን በማይገኝበት ስፍራ ከሆነና ሟቹ በሕይወቱ ካልተቃወመ፣ የአካባቢው ጳጳስ አመዛዝነው የካቶሊክ ፍትሐት እንዲደረግለት ሊፈቅዱ ይችላሉ። ካህኑ ቅርብ ከሆነ ግን ይህ አይነሣም።

ሁለት ከባድ ሐዘኖች ቀሩን። አንደኛው ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ነው። በቀድሞ ዘመን የካቶሊክ መምህራን እንዲህ ያለ ሕፃን "ሊምቦ" በሚባል፣ ሥቃይም የእግዚአብሔርን ፊት ማየትም በሌለበት ሁኔታ እንደሚኖር ያስተምሩ ነበር። ሊምቦ ግን የእምነት ድንጋጌ ሆኖ አያውቅም። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. የቫቲካን ዓለም አቀፍ የነገረ መለኮት ኮሚሽን ባወጣው ሰነድ ሕፃናቱ ይድናሉ ብሎ ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት እንዳለ ገልጿል። ወላጆቹ ሊያስጠምቁት አስበው ከነበረም ጳጳሱ በቤተ ክርስቲያን እንዲቀበር ሊፈቅዱ ይችላሉ። ሁለተኛው ራሱን ያጠፋ ሰው ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. ሕግ አውቆ ራሱን ያጠፋ ሰው የቤተ ክርስቲያን ቀብር ይከለከል ነበር። በ1983ቱ ሕግ ይህ ክልከላ ወጥቷል፤ ካቴኪዝሙም እግዚአብሔር እርሱ በሚያውቀው መንገድ የንስሐ ዕድል ሊሰጣቸው ስለሚችል ስለ እነርሱ ተስፋ መቁረጥ እንደማይገባ፣ ቤተ ክርስቲያንም እንደምትጸልይላቸው ይናገራል። እንዲህ ያለ ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ "አይፈታም" የሚል ቃል ከሰማ ቃሉን እንደ ፍርድ ሳይቀበል ካህኑን ራሱን ቢጠይቅ ይበጃል።

በላቲን ሥርዓት የቀን መቁጠሪያ የሙታን ሁሉ መታሰቢያ ኖቬምበር 2፣ በእኛ ጥቅምት 23 ገደማ ነው፤ በጅማ ዙሪያ ቀይ ቡና የሚለቀምበት ወቅት። ካቶሊክ ያልሆነ ወዳጅ ወይም የእድር አባል በዚህ ቅዳሴ ላይ መገኘት ይችላል፤ ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ግን አይቀርብም። የሟቹ ስም እንዲታሰብ የሚፈልግ ቤተሰብ ስሙን ቀደም ብሎ ለካህኑ ይሰጣል። ከሞተ ሃያ ዓመት ያለፈውን ሰው ስም መስጠትም ይቻላል።